የስፓጎው ሌላኛው ጫፍ

ነገሩን ሁሉ የሚቀሰቅስብኝ ሰማያዊው ዱቄት ነው። ባለፈው ሳምንት ፉሪ አንድ ቤት ውስጥ ስሠራ ዱቄቱ የነካቸውን ጣቶቼን አየሁና ቁጭ አልኩ። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደክሟት ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ። ምን ልበልህ፣ ድካም አልነበረም። ዱቄቱ እርጥብ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ እንደ ጠመኔ ይሸታል፤ ያ ሽታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የወላጆቼ ኩሽና ይዞኝ ሄደ።

ስፓጎ የምንለው መስመር የምንመታበትን ክር ነው። ዱቄት ትቀባዋለህ፣ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ግድግዳው ላይ ወጥሮ ይይዛል፣ አንደኛው በነፃ እጁ ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ጧ ይልና ቀጭን መስመር ይቀራል። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ይህንን ነው። ክሩን ሚስማር ላይ የሚያስር ሠራተኛ ካየ ግን ያብዳል። "ሚስማር ግድግዳ ያቆስላል፤ ክሩን እጅ ነው ማወቅ ያለበት" ይል ነበር። ያስተማራቸው ልጆች ሁሉ ይህቺን ንግግሩን በቃላቸው ያውቋታል።

የዚያን ክረምት አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እጠብቃለሁ። አባቴን ለሥራ የሚጠራው ሰው ከጠፋ ስምንት ወር ሆኗል። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል የሚል ወሬ በየሳይቱ ተዳርሷል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ ለእኔና ለእናቴ ደርሶናል፣ እሱ ግን አልሰማም፤ ወይ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆኗል። ጠዋት ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ሶፋው ላይ ይቀመጣል።

ከዕለታት አንድ ቀን ድሮ ያስተማረው፣ አሁን ፎርማን የሆነ ሰው ደወለ። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ያለ አዲስ ሕንፃ ላይ ነው የሚሠራው። በየኩሽናው፣ ከካቢኔቱ አናት እስከ ጣሪያው ያለው ክፍተት በሞራሌ እንጨትና በጂፕሰም ቦርድ እንዲዘጋ ተፈልጓል። እኛ ሳጥን እንለዋለን። "ጋሼ፣ አይቀየሙኝና እርስዎ ቤት አንድ ሠርተው ያሳዩኝ፣ ሐሙስ አሥር ሰዓት እመጣለሁ" አለው። በገዛ ተማሪው መፈተኑ ነው እኮ! ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ "እሺ ልጄ" ብሎ ስልኩን ዘጋ። አለመቆጣቱ ነው ያስፈራኝ። ይህ ሥራ ካመለጠው ሌላ የሚደውል እንደሌለ ያውቃል ማለት ነው።

እናቴ ያ ክፍተት እንዲዘጋላት ስትለምን ዓመታት አልፈዋል፤ የዘይት ጭስና አቧራ ተላቁጦ እዚያ ላይ ሬንጅ ሆኖባታል። ሐሙስ ጠዋት ድስቶቿን ሁሉ አውርዳ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ገርበብ አድርጋ መጸለይ ጀመረች። አባቴ ረዳት አልጠራም። "አንቺ ትይዥልኛለሽ" አለኝ።

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። እሱ በአንድ መሰላል፣ እኔ በሌላው ወጥተን ክሩን ወጠርን። ያን ጊዜ ነው እጁ በክሩ ውስጥ አልፎ እጄ ላይ የደረሰው። ንዝረቱ ጣቴ ላይ ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ጧ ሲያደርገው መስመሩ ወፍራምና ድርብ ሆነ። በእርጥብ ስፖንጅ ጠረገው። ሁለተኛም ያው። በሦስተኛው ግድግዳው ሰማያዊ ጭቃ ሆነ።

"አጥብቀሽ ያዢ እንጂ" አለኝ። "እየተንቀጠቀጥሽ እኮ ነው።"

የእኔ እጅ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱ ግን የሚያየው ግድግዳውን ነው። ያኔ እኔ ከወያላ ጋር ለአንድ ብር መልስ የምጣላ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። ሐቁ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት።

"አዎ አባዬ፣ እጄ እምቢ አለኝ" አልኩት። "በእኔ የተነሳ ከሚበላሽብህ በሁለቱም በኩል ሚስማር መትተን እንሰረው።"

ታች መንገድ ላይ ወያላው ሜክሲኮ ሜክሲኮ ይላል። "እንግዲህ እጅሽ ካስቸገረሽ ምን ይደረጋል" አለና መዶሻውን አቀበለኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተሳለጠ። መቼም ሙያ ያልከው እሱ ጋ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ በዓይኑ ብቻ "ሁለት ሚሊ ዝቅ አድርጊው" ይለኛል፣ ስለካው ልክ ሁለት ሚሊ ሆኖ አገኘዋለሁ። ድሪሉን ሁለታችን በአራት እጅ ያዝነው። ባመለጠው ቁጥር "አንቺ ልጅ፣ እጅሽ" ይለኛል፣ እኔም ይቅርታ እለዋለሁ። ምሳ ቀርቦ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ።

ፎርማኑ በሰዓቱ መጣ፣ ውሃ ልኩን በብብቱ ይዞ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ መሰላሉ ላይ ወጣና ውሃ ልኩን ሳጥኑ ሥር ለጠፈው። አረፋዋ ወዲህ ወዲያ ብላ መሃል ላይ ተቀመጠች። ማዕዘኑን በመዳፉ ዳሰሰ። አለቀ ብዬ ስተነፍስ ጣቱ ከሳጥኑ ጫፍ ትንሽ አለፍ ብሎ ቆመ። የሚስማሩ ቀዳዳ! ስቱኮ አድርጎ መድፈን የእኔ ሥራ ነበር፤ ረስቼዋለሁ።

"ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ሚስማር?"

እናቴ መኝታ ቤት ውስጥ ጸሎቷን ስታቆም ተሰማኝ። አባቴ እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ።

"ልጄ ናት" አለ። "እጇ ይንቀጠቀጣል።"

ፎርማኑ ወደ እኔ ዞሮ "እስቲ" አለኝ። እጄን ዘረጋሁለት። ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ ፍርሃቱ ራሱ እንደ ቅጠል ያርገፈግፈኛል። እጄን አየ። ቀጥሎ የአባቴን ኪሶች አየ፣ ብዙ ቆየባቸው። ከመሰላሉ ወረደና በሩ ጋ ሄዶ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

"ሰኞ እሷንም ይዘዋት ይምጡ" አለ፣ ቀና ሳይል። "ሥራ ስታገኝ እጇም ይረጋጋል።"

እሱ ሲወጣ አባቴ ስቱኮ በአውራ ጣቱ ዝቆ ቀዳዳውን ራሱ ሊደፍን መሰላሉ ላይ ወጣ። ሁለቴ ሳተው። በሦስተኛው እንዳላየው ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ለቡ ሁለት ዓመት ሠራን። በየኩሽናው ሚስማር እመታለሁ፣ አስራለሁ፣ ቀዳዳ እደፍናለሁ። እጇ ይንቀጠቀጣል ስለተባለ ሳይቱ ሁሉ ስም አወጣልኝ፣ "መብረቅ የመታት" ነበር የሚሉኝ። ውጤቴ መጥቶ ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እኔ ከአባቴ ጋር ቀረሁ። አልቆጨኝም ብልህ ውሸት ነው፤ ቆጭቶኛል። ግን አባቴ ማታ ማታ አቧራ ለብሶ፣ ደረጃውን እያፏጨ ሲወጣ መስማት ነበረብህ።

በመጨረሻው ዓመቱ ብርጭቆ መያዝ አቃተው። አንድ ቀን ከሥራ መጥቼ ውሃ በማንኪያ ስሰጠው ጣቶቼ ላይ ሰማያዊውን ዱቄት አየ። በዚያ በሚንቀጠቀጠው እጁ እጄን ያዘኝ። ያ ንዝረት፣ ያኔ በስፓጎው የመጣብኝ፣ አሁን ያለ ክር መጣ።

"ያ እጅሽ ግን ተሻለሽ?" አለኝ።

"ተሻለኝ አባዬ" አልኩት።