የባልደረባዬ አዲሱ ማርሽ

እኔና ባልደረባዬ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። ሁለታችንም መሪው ወደ ታች የታጠፈ፣ አንድ ዓይነት አሮጌ የኮርሳ ሳይክል አለን። በአንድ ቀን ደሴ ገዝተን በአውቶቡስ ጣሪያ ጭነን ነው ያመጣናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ወረኢሉ በሚወስደው መንገድ እንነዳለን። መንገዱ ላይ ካለው ዳገት ወገብ ስንደርስ ሁለታችንም ወርደን፣ እያወራን እንገፋለን። ሲበላሹ የምጠግናቸው እኔ ነበርኩ፤ መምህራኑም «መካኒኩ» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ የምበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

አምና እህቱ ከዓረብ አገር ስትመለስ አዲስ ካቴና፣ ሰፋ ያሉ የኋላ ጥርሶችና ማርሽ መቀየሪያ ይዛለት መጣች። እኔን ሳይጠራ፣ ስልኩ ላይ ቪዲዮ እያየ ራሱ ገጠመው። በሳምንቱ ዳገቱን ከኮርቻው ሳይወርድ ወጣው። የእኔ ያረጀ ካቴና በረገጥኩ ቁጥር እየዘለለብኝ ከታች ቀረሁ። ጫፉ ላይ ቆሞ እጁን ሲያውለበልብልኝ ያላየሁ መስዬ ወደ ካቴናዬ ጎነበስኩ። እኔም ውጭ አገር ያለ ዘመድ በኖረኝ ብዬ ተመኘሁ፤ አንድም የለኝም። ሰኞ ደግሞ መምህራኑ «መካኒክ ሆነህ የለም እንዴ!» ሲሉት ሰማሁ። የእኔን ስም ለእሱ ሰጡት።

አንድ ዓርብ ሳይክሉን እየገፋ ቤቴ መጣ።

«እስኪ እየው፤ ከእኔ ይልቅ ያንተ እጅ ይሻላል» አለኝ።

ገልብጬ ፔዳሉን አሽከረከርኩት። ወዲያው አየሁት። ካቴናው ትልቁን ጥርስ አልፎ እንዳይሄድ የሚያግደው ትንሽ ብሎን ላልቷል። ካቻቢቴው እጄ ላይ ነበር። ሁለት ዙር ባጠብቀው ይበቃ ነበር።

«ምንም አልሆነም» አልኩት።

በማግስቱ ዳገቱን ስንጀምር ወደ ትልቁ ጥርስ ቀየረ። ማርሽ መቀየሪያው የጎማው ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ ተሰባበረ፤ እሱም በጎኑ ወደቀ። ክርኑ እየደማ ተነሣና «አልሐምዱሊላህ» አለ። ወደ ዳር ከመውጣታችን አንድ የጭነት መኪና የወደቀበትን ቦታ ረግጦት አለፈ። 

«አይቼው ነበር» አልኩት።

«ምኑን?»

«ብሎኑን። ላልቶ ነበር። እያየሁ ዝም አልኩህ።»

«ለምን?»

«ቀንቼ።»

 ከዚያ ሳይክሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ከተማ ወረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰላምታ በቀር አላነጋገረኝም።

በትምህርት ቤቱ እረፍት ደሴ ሄድኩ። የሳይክል መለዋወጫ የሚሸጡትን ሁሉ ስዞር ውዬ፣ ለሰፋፊዎቹ ጥርሶች የሚሆን ያገለገለ ማርሽ መቀየሪያ አገኘሁ። ለራሴም ካቴና ገዛሁ። ስመለስ የራሴን ሳይክል እየገፋሁ እሱ ግቢ ሄጄ የተሰበሩትን የጎማውን ሽቦዎች ቀየርኩ፤ መቀየሪያውንም ገጠምኩ። እሱ ደረጃው ላይ ተቀምጦ እጄን ያያል።

ስጨርስ «ካቻቢቴውን አምጣ» አለኝ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ራሱ ፈተሻቸው። እኔ ቆሜ ጠበቅሁት። ከዚያ ካቴናዬን አየና፣ «ይኼ አዲስ ካቴና ባረጀ ጥርስ ላይ አይሄድልህም» ብሎ ወደ ቤት ገባ። ከራሱ ሳይክል የፈታውን፣ ከእኔ የተሻለውን የድሮ ጥርስ ይዞ ወጣ።

ያን ዕለት አብረን ገጠምነው። ቅዳሜም አብረን ወጣን። እኔ አሁንም ከወገቡ ትንሽ አለፍ ብዬ እወርዳለሁ፤ እሱ ቀድሞኝ ጫፍ ይደርሳል። አሁንም እቀናለሁ። እሱ ግን ሳይክሉን እይልኝ ብሎ ዳግመኛ ጠይቆኝ አያውቅም።