ነፋሱን የሚጠይቁኝ ጋሼ

ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ የቀረው የጀልባ ነጂነት ሥልጠናው ኃላፊ የአምስት ቀን የባሕር ጉዞዬን አልፈርምልህም አለኝ። መዝገቡ የተጻፈው በአጎቴ በጋሼ እጅ ስለሆነ ጀልባዋን የነዱት እሳቸው ናቸው ብሎ ደመደመ። ያኔ መጻፍ አልችልም ነበር፤ ይህን መናገር አፍሬ ወጣሁ።

ጋሼ በወጣትነታቸው መርከበኛ ነበሩ። ከምንኖርበት ከኮሎምበስ ከተማ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ በመኪና ወስደው ሥልጠናው ላይ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ ጀልባዋ ላይም አብረውኝ ተሳፈሩ። በጉዞው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጉም ዋጠን። መሪው እኔ እጅ ላይ ነበር። የትልቅ መርከብ ጡሩምባ ከቅርብ ጮኸ፤ ከየት እንደሆነ ግን አይታይም። ወደ ጋሼ ዞሬ ጮህኩ።

"ጋሼ፣ ማለቃችን ነው!"

"እሱን በኋላ ትነግረኛለህ። ነፋሱ ከየት ነው?"

"እኔ ምን አውቄ!"

"የቱን ጆሮህን ነው የሚመታህ?"

"ግራውን።"

"በቃ፣ እዚያው ላይ አቆየው" ብለው የነገርኳቸውን መዝገቡ ላይ ጻፉልኝ። መርከቡ ሳናየው አለፈ፤ ማዕበሉ ብቻ አንገላታን።

በኋላም ኮሎምበስ ውስጥ፣ ብሮድ ስትሪት የሚባለው መንገድ ላይ መኪናዬ በበረዶ ስትንሸራተት እንኳ ጥያቄያቸው ያው ነበር።

ከሞቱ በኋላ ከሥራ መልስ እየተማርኩ መጻፍ ቻልኩና ያንኑ ጉዞ ከሌሎች ሠልጣኞች ጋር ደገምኩት። ጉሙ ዳግም መጣ። ጋሼ ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ እርጥብ ገመድ ተጠቅልሎ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ቢሆንም ነፋሱ የቱን ጆሮዬን እንደሚመታ ራሴን እየጠየቅኩ በየሰዓቱ ጻፍኩ።

ኃላፊው የተጣመመ ጽሑፌን አየ፤ የፊተኛውንም ጉዞ የነዳሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ጋሼ የጻፉልኝም መጻፍ ስለማልችል እንደነበር ነገርኩት። ይቅርታ አላለኝም። ጁን አስራ ስምንት ቀን ግን የፊተኛውንም የኋለኛውንም ጉዞ አንድ ላይ ፈረመልኝ።