ወባ ያልሆነ ደም

እህቴን የገደላት በሽታ የዘር ነው ያሉትን ሽማግሌዎች ዛሬም ሳስባቸው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ ከከሚሴ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ክሊኒክ የደም መርማሪ ነበርኩ። መርማሪ መባሌ ራሱ ሹፈት ነው፤ ያስተማሩኝ ወባ መፈለግ ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የአካባቢያችን የጨፋ ሜዳ ሰው ሁሉ በትኩሳት ስለሚጋይ፣ መዝገባችን «አለ» እና «የለም» ከሚሉ ሁለት ዓምዶች በቀር ምንም አልነበረውም።

እህቴ ስትመጣ ድዷ ይደማል፣ ምንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ደሟን በማይክሮስኮፕ አይቼ ደነገጥኩ። ወባ የለም። ነጩ ሴል ግን ከልክ በላይ በዝቷል፤ ሁሉም ትልልቅ፣ ሁሉም እንጭጭ። የክሊኒኩን ኃላፊ ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም።

«ጓድ፣ ወባ አለ ወይስ የለም?»

«የለም፤ ግን...»

«እንግዲያው የለም ብለህ ጻፍ። ክሎሮኪን ስጣት።»

ጻፍኩ፤ ሰጠኋት። ለሪፖርቱ የሚጨነቀውን ያህል ለሰው ቢጨነቅ ምን ነበረበት!

ሦስት ወር ሙሉ ኪኒን ስትውጥ ከርማ ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ የደም ካንሰር ነው አለኝ፤ ዘግይታችኋል። ደም የሚወለደው መቅኔ ውስጥ መሆኑን ያስረዳኝ እሱ ነው። ጨቅላው ሴል እየበሰለ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ ይሆናል፤ ሌላው ደግሞ መድማትን ያቆማል። በአንዱ ሴል ውስጥ «ተባዛ» ብሎ የሚያዝዘው መመሪያ፣ ጂን የሚሉት፣ ከተበላሸ ግን ትእዛዙ ማብቂያ ያጣል። ሴሉ ሳይበስል ይራባል፤ ዘለላ የማይዝ ማሽላ ማሳውን እንደሚሞላው፣ ለጤነኛው ቦታ አይተውም። ብልሽቱ የተነሳው እዚያው በእሷ መቅኔ ነው እንጂ ከወላጅ የወረሰችው አይደለም አለኝ።

በሳምንቱ ሞተች። ሰደቃዋ እንደወጣ የታናሽ እህቴ እጮኛ ሽማግሌዎች «ደማችሁ የተበላሸ ነው፤ ኒካሁ ይቅር» ብለው ላኩብን። እናቴ አንዷን ቀብራ ሳትጨርስ ሌላዋ በቁሟ ልትቀበርባት ነው! ታናሼም ከጓዳ አልወጣ አለች። አባታችን ስለሞተ በኒካሁ ላይ የምድራት ወሊዋ እኔ ነበርኩ። እየተንጨረጨርኩ ቤታቸው ሄድኩና ሐኪሙ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው፤ መቅኔውን፣ እንጭጩን ሴል፣ አንድም ሳላስቀር።

ታላቁ ሽማግሌያቸው እስከ መጨረሻው ሰምተውኝ፣ «ዱጋ! እውነትህን ነው? በዓይንህ አይተኸዋል?» አሉ።

«ወላሂ አይቻለሁ። መጀመሪያ ክሊኒክ የመጣች ቀን።»

«ያኔውኑ አይተህ ለማን ነገርክ?»

«ለኃላፊው። የለም ብለህ ጻፍ አለኝ።»

«ለእናትህስ?»

«አልነገርኳትም።»

«ልጅቱን እንወስዳለን ኢንሻአላህ፤ ደሟ ንጹሕ ነው» አሉ። «ወሊ ግን ሌላ ላኩልን።»

ኒካሁ በሳምንቱ ታሰረ። የዳራት አጎታችን ነው።