የቡሹሎ መንገድ አረሞች

ዝናቡ ለሁለተኛ ጊዜ የቀረበት ዓመት ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንዲያ አስታውሳለሁ። የከተማችን ሐይቅ ውኃ ከዳሩ ሸሽቷል፤ በቆሎውም ክንድ ሳይሞላ ደርቋል። ከከተማው ወደ ቡሹሎ መንደር በሚወስደው መንገድ ዳር ግን አንዳንድ አረሞች አልሞቱም ነበር፦ እምቧይ፣ አስተናግር፣ አቧራ የለበሰ አሉማ። የዕፅዋት መምህር ነበርሁና፣ ማንም ያልዘራቸውና ያላጠጣቸው በምን እንደሚኖሩ ለተማሪዎቼ ለማሳየት በካሜራ አነሳቸው ጀመር።

አንድ ረፋድ ከአሉማው ፊት እንደ ተንበረከክሁ፣ ከገጠር የመጣች አንዲት ሴት ከጎኔ ጎንበስ ብላ ቅጠሉን ትሸመጥጥ ጀመረች።

"ልጆች ይበሉታል" አለችኝ ሳትጠየቅ። "ጨው ብቻ ነው የጠፋ።"

እጇ ወደ ሌንሱ ፊት ሲገባ የካሜራውን ማንሻ ተጭኜው ነበርን? ይህን ለራሴ ማረጋገጥ አልቻልሁም።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የአብዮቱ በዓል ተቃርቦ ስለ ነበር ረሃብ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም፤ ረሃብተኛን ፎቶ ያነሳ ሰው የት እንደሚገባም ሁላችን እናውቅ ነበር። ሴትዮዋ ከራቀች በኋላ ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዱኝ።

ሊቀ መንበሩ ካሜራውን አገላበጠው።

"ጓድ መምህር፣ ምን ስታነሳ ነበር?"

"አረም።"

"አረም?" ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። "ሙሽራ ጠፍቶ ነው?"

ሳቁ።

"ለትምህርት ነው" አልሁ።

"እናየዋለን። ሰው ካለበት ግን ከዚህ አትወጣም።"

ካሜራውን ከፍቶ ፊልሙን እየጎተተ ወደ ደጅ ወጣ። የከተማችን ፒያሳ ፎቶ ቤቶች ያን ጊዜ ከፎቶው ጋር ነጋቲቩን ይመልሱ ስለ ነበር፣ ነጋቲቭን ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ሰው ሁሉ የለመደው ነገር ነበር። እርሱም ገና ያልታጠበውን ፊልም እንዲሁ ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መረመረው። ብርሃን እንደሚያጠፋው አላወቀም። እኔም አልነገርሁትም።

"ምንም የለበትም" አለ በመጨረሻ። "አንተ ሰውዬ፣ ማንሳትም አትችልም። ሂድ።"

ዛሬም ያ የሴትዮዋ እጅ ይታየኛል፤ በጥፍሮቹ ሥር አፈር አለ። በሌንሱ ያየሁት ይሁን ወይስ ፊልሙ ስለ ጠፋ አእምሮዬ በኋላ የሣለው፣ የሚመሰክርልኝ የለም።

ለበዓሉ የጽዳት ዘመቻ ታውጆ የመንገዱ ዳር ተመነጠረ፤ የዳር ድንጋዮቹም ኖራ ተቀቡ። ሴትዮዋን ዳግም አላየኋትም። ብትመጣም የምትሸመጥጠው አልቀረም ነበር።