ኪንሲ የመረጠችው ጸጥታ

ኪንሲ ዋይስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ስትቀጠር ያስመረጣት የጣቷ ፍጥነት ነው። አባቷ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ፈረንሳይኛ ትሰማለች፤ ከእናቷ ጋር ሶማልኛ፣ ከጎረቤት ጋር ኦሮምኛ፣ ከአለቃ ጋር ደግሞ የጋዜጣ አማርኛ ታወራለች። ድሬ ላይ ይህ እንደ ሙያ አይቆጠርም። በሰው ዓይን ባለሙያ ያደረጋት በ1980 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በሣጥን ታሽጎ የመጣው ኮምፒውተር ነው። ሁሉም ለመንካት ፈራና፣ ታይፕ መምታት የምትችል እሷ ናት ተብሎ ለእሷ ተሰጠ።

ኮምፒውተሩ የተቀመጠው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ በስስ የኮምፔንሳቶ ጣውላ ግድግዳ ብቻ በምትለይ ጠባብ ክፍል ነበር። መጀመሪያ ደህና ሠራ። በኋላ የድሬ አቧራና ሙቀት ተባብረው ከኋላው ያለችውን የማቀዝቀዣ ማራገቢያ ኩሽኔታ በሉት። ከዚያ ወዲያ ማሽኑ ሲነሳ እንደ ወፍጮ ቤት ሞተር ያጓራ ጀመር። ኪንሲ ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ ማታ ቤቷ ስትገባ እናቷ የምትላትን አትሰማም፤ ጎረቤቶችም ኪንሲ ኮምፒውተር ከያዘች ወዲህ ኮራች ይሏታል።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ መሐሙድ ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ድሬ ሰው ሁሉ እርስ በርሱ "አንተ" የሚባባልባት ከተማ ብትሆንም እሱን ግን ከተሾመ ወዲህ ደፍሮ አንተ ያለው የለም።

"ጓድ፣ ይህ ማራገቢያ ሊያደነቁረኝ ነው" አለችው አንድ ጠዋት።

"ድምፁ የሥራ ድምፅ ነው፣ ጓድ ኪንሲ" አላት። "ዝም ያለ ማሽን ስታዪ ነው መፍራት።"

ነገሩን ከልቡ ነበር የተናገረው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ባዶውንም ቢሆን እንዲነሳ ያዛል፤ እንግዳው ገና ከደረጃው ሲወጣ ጉርምርምታውን ሰምቶ እዚህ ቤት ሥራ አለ እንዲል።

የቀሩት ሠራተኞችም ድምፁን አልጠሉትም። እንዲያውም ወደዱት። አንዱ ወረቀት ይዞ፣ ሌላው ምንም ሳይዝ፣ "ኮምፒውተሯን ልያት ብዬ" እያለ ይገባና ጆሮ ለጆሮ ገጥሞ የልቡን ያወራል። በየትኛው ቀበሌ አፈሳ እንዳለ፣ የማን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና እንደተያዘ፣ የውጭ ሬዲዮ ማታ ምን እንዳለ፣ ሁሉም እዚያ ይወራል። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ያለው አለቃ ጉርምርምታውን እንጂ ቃሉን አይሰማም። ከሁሉም የምትመላለሰው የሒሳብ ክፍሏ ዓሻ ነበረች። የልቧን ተናግራ ቀለል ብሏት ትወጣለች። ራስ ምታቱ ግን የሚቀረው ከኪንሲ ጋር ነው።

ነገሩን የለወጠው ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ የጉብኝት ቡድን ነው። ጓድ መሐሙድ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ ሪፖርቱን አነበበ። የሰማው የለም፤ ሁሉም ግን ራሱን ይነቀንቃል። በቅርንጫፉ ከባድ የዘይት እጥረት መከሰቱን ሲገልጽ የቡድኑ መሪ እጁን ጨብጦ፣ "በጣም ጥሩ፣ በዚሁ ቀጥሉ" አለው። በማግስቱ ኪንሲ ተጠራች።

"ጸጥ ያለ ማራገቢያ ፈልጊና ይተካ።"

"ከየት ጓድ? የመንግሥት ሱቅ እንኳን የኮምፒውተር፣ የሰውም ማራገቢያ የለውም።"

ጓድ መሐሙድ በየስብሰባው ኮንትሮባንድን ሲያወግዝ የሚቀድመው አልነበረም። መስኮቱን እያየ፣ "ከየት እንደምታመጪው አልጠይቅሽም" አላት።

ኪንሲ ቀፊራ ገበያ ወረደች። እዚያ ቡልቻ የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፤ የሞተ ማሽን ፈታትቶ ደህናውን ዕቃ እየለየ የሚያስቀምጥ፣ በባቡር ከጅቡቲ የሚመጣውንም ቀድሞ የሚያይ። የምትፈልገውን ስትነግረው ሳቀ።

"አቦ፣ ሰው ማራገቢያ ሲገዛ ንፋሱን ነው የሚጠይቀኝ። ዝምታውን የጠየቀኝ የለም።"

ሦስት አወጣላትና አንዱን በመኪና ባትሪ አስነሳው። ምንም አልተሰማም፤ ቀፊራ ላይ ግን መድፍም ቢተኮስ የሚሰማ አይመስልም። ሽንኩርት ሻጩ፣ የጋሪው ፈረስ፣ የባሕር ማዶው ካሴት ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻል። እንዲህ ሆኖ ዝምታ አይመረጥም። ቡልቻ ባትሪውን በጋሪ አስጭኖ በቀትር ወደ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ይዟት ወረደ። በዚያ ሰዓት ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ ውሻውም ጥላ ይዟል።

አንደኛው ከጅቡቲ የመጣ፣ ላስቲኩ እንኳን ያልተነሳለት አዲስ ነበር። ሲነሳ እንደ ትንኝ ሲሪሪ አለ። የኪንሲ ዓይን እንደ አዲስ ልብስ ወደደው፤ ጆሮዋ ግን ሸሸው።

"ትንሽ ስለሆነ መሮጥ አለበት" አላት ቡልቻ። "የሚሮጥ ደግሞ ይጮኻል።"

ሁለተኛው ከሞተ ፎቶ ኮፒ የወጣ ከባድ ብረት ነው፤ ሲነሳ አሸዋው ላይ እየተንቀጠቀጠ በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስተኛው ሰፊ፣ ጥቁር፣ ክንፉ ትልልቅ ነበር። ተነሳ። ኪንሲ ጎንበስ ብላ ጠበቀች። የሰማችው የራሷን ትንፋሽ ነው። ወረቀት ብታስጠጋበት ጭልጥ አድርጎ ሳበው።

"ይሄ" አለች።

"ኮምፒውተርሽ ውስጥ አይገባም፤ ትልቅ ነው።"

"አስገባው።"

ቡልቻ ከዘይት ቆርቆሮ እንደ ጋዝ መቅጃ አድርጎ አንድ አንገት ቀረጸለት፤ ሰፊው አፍ ማራገቢያውን፣ ጠባቡ ደግሞ የማሽኑን ጀርባ ያዘ። ንፋሱን ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ እንዲስብ አዙሮ በብሎን አሰረው። በመጀመሪያው ጠዋት ኪንሲ ማሽኑን አስነስታ፣ የተነሳ ስላልመሰላት እጇን ጀርባው ላይ አድርጋ አረጋገጠች። ከዚያ ተቀምጣ ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲያርፉ ሰማች። ከጣቢያ የሚነሳውን ባቡር ሰማች። ደስታዋ እስከ አራት ሰዓት እንኳን አልዘለቀም።

ዓሻ እንደ ልማዷ ገባች፣ እንደ ልማዷም ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ በሙሉ ድምፅዋ፣ "ወንድሜን ከአፈሳው አስመልጬ ጀልዴሳ ገጠር አጎቴ ዘንድ ደበቅሁት! ፍየል እየጠበቀ ነው!" አለች።

ቃሉ ክፍሉን ሞላው። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ይንኳኳ የነበረው ማኅተም ቆመ። ዓሻ ኪንሲን አየች፣ ኪንሲ ማራገቢያውን አየች። ሁለቱም የወታደር ጫማ ከደረጃው እስኪሰማ እዚያው ደርቀው ጠበቁ። የመጣ የለም። ይልቅ ስልክ ተደወለ። ጓድ መሐሙድም ለካ ያንን ጉርምርምታ ለመብለጥ እየጮኸ ማውራት ለምዶ ኖሯል።

"እህቴ፣ ልጁን የት አደረስሽው? ... ጀልዴሳ? አልሰማሁሽም ... ጀልዴሳ ነው ያልሽው? ፍየል ይጠብቅ፣ ምን ይሆናል! የሰው ሁሉ ልጅ እዚያ አይደል እንዴ!"

ከዚያ እሱም የራሱን ድምፅ ሰማ መሰል፣ ስልኩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሲመሽ ወደ ኪንሲ ክፍል መጣ። ዓሻ ወጥታለች። ማሽኑን ዞሮ አየው።

"ይሠራል?"

"ይሠራል ጓድ።"

"ድምፁ የታለ?"

"ጸጥ ያለ ይሁን ስላሉ ..."

"ብያለሁ። ግን ተገምግሞ ሲታይ ሠራተኛው ያለ ድምፅ መነቃቃቱን አጥቷል። የድሮው ይመለስ።"

ኪንሲ ዓይኑን አየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሺ ብላ ትወጣ ነበር። ግን በአንድ ጠዋት ጆሮዋ ያገኘውን ዕረፍት መልሳ ለመስጠት አልሆነላትም፤ ደግሞም ስለ ፍየሎቹ ሁለቱም ያውቃሉ።

"ጓድ፣ ይህ እዚሁ ይቅር። ቡልቻ ጋ ሌላ አለ፣ ከፎቶ ኮፒ የወጣ። በእርስዎ በኩል መስኮቱ ላይ ይገጠም። ለእርስዎም ይቀዘቅዝልዎታል፣ ድምፁም ለሁላችን ይበቃል።"

ጓድ መሐሙድ ጥቁሩን ማራገቢያ አንዴ በጣቱ ነካ አደረገ። "ይገጠም" አለና ወጣ።

ቡልቻ ዳግም ስትመጣበት አላመነም።

"አሁን ደግሞ የሚጮኽ ነው የምትፈልጊው?"

"ከሁሉም የሚጮኸውን።"

"ወላሂ፣ የመንግሥት ሥራ ለእኔ አይሆንም" አለና አውጥቶ ሰጣት።

ማራገቢያው የጓድ መሐሙድ መስኮት ላይ ተገጠመና ያጓራ ጀመር። ሳምንት ሳይሞላ ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ ጉዳይ አገኘ። ዓሻ ቼክ ለማስፈረም ትገባና ቆይታ ትወጣለች። የመጋዘኑ ሰው ገብቶ ወንበር ይስባል። መጀመሪያ እርስ በርስ ነበር የሚያወሩት፤ ኋላ ላይ ጓድ መሐሙድም ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ያቀርብ ጀመር፤ እሱም የሚነግራቸው አይጠፋም። በዓመቱ መጨረሻ ግምገማ ላይ "በሩን ለሠራተኛው ክፍት ያደረገ፣ ከሰፊው ሕዝብ የተቀራረበ አመራር" ተብሎ ተመሰገነ።

ኪንሲ ጸጥታዋን ይዛ ቀረች። እናቷ የምትላትን ትሰማለች፤ ጎረቤቶችም ኩራቷ ተወላት አሉ። ክፍሏ ውስጥ ግን ኮምፒውተሯን ልያት ብሎ የሚገባ ጠፋ። ጥቂት ወራት እንዲህ ከሠራች በኋላ አንድ ከሰዓት፣ ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ሰው ሲስቅ ሰማች፤ ሳቁን እንጂ ያሳቃቸውን አልሰማችም። ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ምንም ያልተጻፈበት ፋይል ከጠረጴዛዋ አነሳችና የጓድ መሐሙድን በር አንኳኳች።