የሚዛን ትከሻ

ፎቶውን የበላው የእናትየው አውራ ጣት ነው። ሌላ ማንንም መወንጀል አይቻልም። ታናሽ ልጃቸው ከሞተች ወዲህ እሷን የሚያሳይ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር ቤት ውስጥ የቀረው፤ ለመታወቂያ ብላ የተነሳችው፣ ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ። እናትየው ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ይቀመጡና ከደረታቸው አውጥተው በአውራ ጣታቸው ፊቷን ይዳብሷታል። ይዳብሷታል፣ ይስሟታል፣ መልሰው ይወሽቋታል። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ጸጉሯና አንገትጌዋ እንዳለ ቀርቶ ፊቷ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆነ። ዓይናቸው እየደከመ፣ ልባቸውም አንዳንዴ እየሳተ ነበርና አንድ ቀን "ፎቶዬን ማን ቀየረብኝ?" ብለው ቤቱን ቀውጢ አደረጉት።

መልስ መስጠት ያለባት ትልቋ ልጃቸው ነበረች፤ ልብስ ሰፊዋ። ቀጭን፣ ምላሷ እንደ መቀሷ የማያርፍ ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ምላሷ ከዳት። ማንም አልቀየረብሽም፣ አንቺው ነሽ የፋቅሻት ብትላቸው እዚያው ክው ብለው መቅረታቸው ነው። ዝም ብትል ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ በሌብነት ሊጠረጥሩ ነው። አፏ እንዳመጣላት፣ ሌላ አሠራልሻለሁና ተረጋጊ አለቻቸው። እናትየው እጇን ጨምድደው ያዟት።

"ዓይኔ ሳይጠፋ ይሁን እንግዲህ" አሉ። "አንዴ አይቻት ልጥገብ።"

ቃል መግባት ምን ይከብዳል። ልብስ ሰፊዋ ወደ ሱቋ ሄዳ ማሽኗ ላይ ቁጭ አለችና የእህቷን ፊት አስታውሳለሁ ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እምቢ አላት። አብራት ያደገችውን፣ አንድ አልጋ ላይ እየተራገጠች የተኛችውን እህቷን፣ አፍንጫዋ ምን ይመስል እንደነበር ብታወጣ ብታወርድ ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። የሚመጣላት ጀርባዋ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን እሷ ታውቀዋለች። እህቷን ሰው ሁሉ "ሚዛን" ነበር የሚላት። ግራ ትከሻዋ ከቀኙ ዝቅ ያለ ስለነበረ፣ በልጅነቷ አባታቸው የሱቅ ሚዛን ትመስያለሽ እያለ ሲቀልድባት በዚያው ስም ሆኖ ቀረ። እሷም አትቀየምም፤ በግራ በኩል ዕቃ በዝቶብኝ ነው እያለች ሰው ታስቃለች። በመጨረሻው ቀን ልብስ ሰፊዋ ለሚዛን አዲስ ቀሚስ እየለካችላት ነበር። ከኋላዋ ተንበርክካ፣ አፏ ስፒል ሞልቶት፣ የወገቡን ስፌት ትይዛለች። ሚዛን መቆም ሰለቻትና "ልዙር?" አለቻት። "አትዙሪ፣ አልጨረስኩም" አለቻት በስፒሉ መሃል። ወዲያው የሚዛን ስልክ ጮኸ፤ ሥራ ቦታ በአስቸኳይ ትፈለጋለች። ቀሚሱን እንደነገሩ አውልቃ፣ የራሷን ለብሳ እየሮጠች ወጣች። በሩን ስትወጣ የታየውም ጀርባዋ ነው። ማታ ወደ ቤት ስትመለስ መኪና ገጫት። ቤተሰቡን፣ ባታዩዋት ይሻላችኋል ብለው አስከሬኗን ሸፍነው ሰጧቸው። እንግዲህ ፊቷ ከየት ይምጣ?

ከሱቋ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ያን ሰሞን ቅዳሜ ከሰዓት የሥዕል ክፍሉን ለሰፈሩ አዋቂዎች ከፍቶ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ገባች። ከራሷ የሚያንስ የልጅ ወንበር ላይ ጉልበቷን አጣጥፋ ስትቀመጥ ሳቋ መጣ። መምህሩ ወጣት ነው፤ የሸሚዙ እጅጌ ከመቆሸሹ የተነሳ እጇን በላት፣ ወስዳ ልትዘፈዝፈው። የሰጣት ዕቃ ግን ግራ አጋባት። እንደ ጣት የቀጠነ ከሰል፣ ሸካራ ሰፊ ወረቀት፣ ደግሞ እንደ ሊጥ የሚታሽ ላጲስ። ዕድሜዋን በሙሉ በሳሙና ስባሪ ጨርቅ ላይ ያሰመረች ሴት ናት። እሷ ዘንድ መስመር ማለት መቀስ የሚያልፍበት ነው፤ አንድ ነው፣ ሁለት አይሆንም። ከሰሉ ግን መስመር አያውቅም። እንደ ሳሙናዋ ጫን ስትለው ይደቅቃል፤ ለቀቅ ስትለው ይንሸራተታል፤ እንደምንም የሠራችውን እጅጌዋ ጠርጎት ይሄዳል። ከጎኗ የተቀመጠው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ለራሱ የሚሥለው ብርጭቆ ቅል መስሎበት ሳለ፣ እህቴ ፍሬን ላይ በረታሽ እያለ ይተርባት ጀመር። ያን ቀን የተሰጣትን ከሰል ሁሉ ሰባብራ፣ አፍንጫዋን አጥቁራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ቀስ በቀስ እጇ ለመደ። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ከጄሶ የተሠራ ራስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ፊት ሣሉ አላቸው። ሌላው ሁሉ ድንች ድንች የሚመስል ነገር ሲያንከባልል፣ ልብስ ሰፊዋ ግማሽ ግንባር፣ አንድ ዓይን፣ ግማሽ አፍንጫና ግማሽ አፍ ሣለችና እጇን አራግፋ ተቀመጠች። መምህሩ ሌላው ግማሽ የት ሄደ አላት። እዚሁ ውስጥ ነው አለችው። መቼም ልብስ ሰፊ ሙሉ ደረት አይሥልም፤ ጨርቁን ለሁለት ያጥፋል፣ ግማሹን ያሰምራል፣ ይቆርጣል፣ ሲገልጠው ሙሉ ነው። እሷም ወረቀቱን ልክ መሃል አፍንጫው ላይ አጠፈችና በመቀሷ እጀታ ከላይ አሸችው። ስትገልጠው ከሰሉ ወዲያ ማዶ ታትሞ፣ ሙሉ ሰው ቁጭ አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሾፌሩ፣ ይቺ ሴትዮ ሰው ማባዛት ጀመረች አለ። እሷም አብራ ሳቀች። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ግማሽ ብቻ ካስታወስኩ ይበቃኛል ማለት ነው እያለች ነበር።

እቤቷ ስትገባ አላረፈችም። እናትየው ጋደም እንዳሉ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አንድ ቅንድብ መጣላት፤ የሚዛን ይሁን የራሷ ሳታውቅ አስቀመጠችው። አንድ ዓይን፣ ግማሽ ከንፈር። አጠፈች፣ አሸች፣ ገለጠች። ሴት ሆነች። ጥርት ያለች፣ ግራዋ ከቀኟ የማይበላለጥ፣ ቆንጆ ሴት። እናትየው ሲነቁ በሁለት እጇ ይዛ አቀረበችላቸው። መስኮቱ ድረስ ወስደው፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ ተጠግተው አዩ። ከዚያ ድምፃቸው ቀጠነ።

"ይቺ ማናት? ምን ትፈልጋለች እዚህ ቤት? አስወጪልኝ" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ወረቀቱን ጭምድድ አድርጋ ምድጃው ውስጥ ከተተችው። ወረቀቱ ነደደ፤ ሴትዮዋ ግን አልነደደችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቀቀቻትም። ክር ልታስገባ አንገቷን ስትደፋ ማሽኑ ማዶ ቆማለች። ደንበኛ መስታወቱ ፊት ስታቆም ከደንበኛዋ ኋላ ብቅ ትላለች። አትናገር፣ አትስቅ፣ ዝም ብላ በእኩል ዓይኖቿ ታያታለች። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን የሚዛንን ጀርባ ለማሰብ ስትሞክር የመጣው ነው። ሚዛን በሩን ይዛ ስትወጣ፣ ዘወር ስትል፣ ፊቷ ላይ ያቺ ሴትዮ ተለጥፋለች። ልብስ ሰፊዋ፣ እህቴን አንዴ መኪና ገደላት፣ አሁን ደግሞ እኔ በእጄ እየደመሰስኳት ነው ብላ ማሽኗ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ፈራች፤ እውነቱን ለመናገር በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም።

ቅዳሜ ሲደርስ የቀራትን ከሰልና ላጲሱን በጨርቅ ጠቅልላ ልትመልስ ሄደች። ካሁን በኋላ አልመጣም አለችው መምህሩን። ምነው አላት። ለማንም የማትተነፍሰውን ነገር፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በር ላይ እንደቆሙ ዘረገፈችለት፤ ፎቶውን፣ እናቷን፣ ያቺን ሴትዮ። መምህሩ አልሳቀባትም፣ ሊያጽናናትም አልሞከረም። ከሰል የነካውን ጣቱን ወደ ራሱ ፊት ጠቆመ። አንዱ ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር።

"ፊት ታጥፎ አይቆረጥም፣ እትዬ። የማንም ሰው ግራና ቀኝ አንድ አይደለም" አላት። "የሚያውቁትን ብቻ ይሣሉ። የማያውቁትን ይተዉት።"

ልብስ ሰፊዋ ክው አለች። እንዴት እንደረሳችው እንጃ። ከደንበኞቿ ሁሉ ታጥፎ የማይቆረጥላት አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷም ሚዛን ናት። ለሚዛን ጨርቅ ታጥፎ ከተቆረጠ ቀሚሱ በአንድ በኩል ይንጠለጠላል። ስለዚህ የእሷ የወረቀት ልክ ሁለት ነው፤ ቀኙ ለብቻው፣ ግራው ለብቻው። ተመልሳ መንገዱን ተሻግራ ሱቋ ገባች። ሁለቱ ወረቀቶች ከማሽኑ በላይ ምስማሩ ላይ ነበሩ፤ ከላያቸው የሌላ ደንበኛ ልክ ተደራርቦባቸው፣ አቧራ ጠጥተው። አወረደቻቸውና እፍ አለችባቸው። የስፒሉ ቀዳዳ እንኳ አልጠፋም ነበር።

ይዛቸው ወደ ክፍሉ ተመለሰች። መምህሩ አንድ ነገር አሳያት፤ ወረቀቱን በሙሉ በከሰል አጥቁሮ፣ ከዚያ ብርሃኑን በላጲስ ከጥቁሩ ውስጥ ማውጣት። ወረቀቷን በመዳፏ አጠቆረችው። ከዚያ ወንበር ላይ መቀመጡን ትታ ወለሉ ላይ፣ ልክ እንደዚያን ቀን ተንበረከከች። ሁለቱን ልኮች አንዴ ብቻ አየቻቸውና ወደ ጎን አደረገቻቸው። እጇ ያውቀዋል። መጀመሪያ ቀኙ ትከሻ ወጣ፣ ከዚያ ግራው፣ ዝቅ ብሎ። አንገቷ። ከጸጉሯ ሥር የሚያፈነግጡት፣ በማበጠሪያ የማይያዙት አጫጭር ጸጉሮች። የአከርካሪዋ መስመር ቀሚሱ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ። የጀርባዋን ብርሃን በአውራ ጣቷ እያለዘበች ሳለ፣ ያ ጣት እንደ ማን ጣት እንደሚሄድ ታወቃትና ቆም አለች። ቀጠለች። አንገቷ ጥቂት ወደ ግራ ዘመም ብሏል፤ ልዙር ብላ ልትጠይቅ ስትል ሁልጊዜ እንደምታደርገው። ከጆሮዋ ወዲያ የጉንጯ ጠርዝ፣ የጥፍር ያህል። ከዚያ ወዲያ የምታውቀው ስለሌለ ላጲሱን አስቀመጠች።

ማንም ከኋላዋ አልቆመም፤ ግን የሆነ ሰው ከፊቷ የቆመ ያህል ትንፋሿን ዋጠች። ያቺ ሴትዮ አልመጣችም። ሾፌሩ ሊተርብ ጎንበስ ብሎ አየና ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። መምህሩ፣ ከሰሉ እንዳይለቅ መድኃኒት ልርጭበትና እስከ ሰኞ ይደር አላት። እሷ ግን የእናቷ ዓይን እስከ ሰኞ ይቆያል ብላ ማመን አልቻለችም። ወረቀቱን በሁለት እጇ ከፊቷ አርቃ፣ ልብሷም ሰውም እንዳይነካው እየተጠነቀቀች፣ መኪና እስኪያልፍ እየጠበቀች መንገዱን ተሻገረች። የሚያውቋት ሁሉ ሰላም ቢሏት አልመለሰችም።

እናትየው መስኮቱ ሥር ነበሩ። ምንም ሳትናገር ፊታቸው ባለው ወንበር ላይ አቆመችላቸው። ጎንበስ አሉ። ጣታቸው ወረቀቱን ሳይነካ፣ በአየር ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ትከሻዋን ተከትሎ ወረደ። ድንገት ሳቁ፤ ስንት ዘመን ያልተሰማ ሳቅ።

"ሚዛኔ" አሉ። "እሷ ናት። እዪ፣ ዕቃ በዝቶባት።"

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ከጎናቸው ቁጭ አለች። እፎይ ልትል ነበር፤ ግን እናትየው ሳቃቸውን አቆሙና ፊታቸው ተከፋ። ሚዛን ለምን ጀርባዋን እንደሰጠቻቸው፣ ተቀይማቸው እንደሆነ ጠየቋት።

"አልተቀየመችም፣ እማ። እኔ ነኝ አትዙሪ ያልኳት። ቀሚስ እየለካሁላት ነበር።"

"ታዲያ እስካሁን አልጨረስሽም?"

ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱ ስፒሉ እንደተሰካበት ሣጥን ሥር እንዳለ ታውቃለች። ከንፈሯን ከፍታ ዘጋች፤ ዛሬም አፏ ውስጥ የሆነ ነገር የያዘች ይመስል ነበር።

"ጨርሻለሁ" አለች በመጨረሻ።

"እንግዲያው ዙሪ በያት። ምን ታስቆሚያታለሽ?"

የእናትየው አውራ ጣት ወደ ወረቀቱ ሲሄድ፣ ልብስ ሰፊዋ በጠቆረ መዳፏ ቀስ ብላ ያዘችውና ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ከዚያ ወደዚያ ጀርባ ቀና ብላ፣ በዝግታ፣ ደንበኛ እንደምታናግር ሳይሆን እንደ እህት ተናገረች።

"ሚዛን፣ ጨርሻለሁ። ዙሪ።"

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ ጠበቁ።