ክኒኑን በጦስኝ ሻይ

እህቴን ጥሩወርቅን መጀመሪያ ያሳላት ሻይ ስትቀዳ ነው። በራዱን አስቀመጠች፤ ፊቷን አዞረች፤ ሳለች። ከዚያ ስቃ መቅዳቷን ቀጠለች።

ጊዜው የደርግ ነበር። እሷ ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት። እኔ ቢቸና ከእናታችን ጋር ሆኜ ሁለተኛ ደረጃ እማር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። ስኳር ከቀበሌ በራሽን ነው። ሲያልቅ ሌላው ሻይ ቤቱን ይዘጋል፤ እሷ ግን ስኳሩ በጠፋ ቁጥር ሌላ ነገር ትሞክራለች፤ ቀረፋ ከቅርንፉድ፣ ዝንጅብል፣ ኮሴረት፣ ጦስኝ ብቻውን። «ስኳር የሌለው ሻይ እንጂ ጣዕም የሌለው ሻይ እኔ ቤት የለም» ትላቸው ነበር ሾፌሮቹን።

ሳሉ አልለቃት ሲል ሁሉም የሚያውቀውን አመጣ። ቅመም ነጋዴው ጋሽ ሰይድ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልለው «በዚህ ካልተሻለሽ እኔን ስደቢኝ» አሏት። አንዷ ጎረቤት ዳማከሴ፣ ሌላዋ ጤና አዳም ይዛ መጣች። ሁሉንም ጠጣች። ጉሮሮዋ ለሰለሰ፤ ሳሉ ግን ባሰ። ሌሊት ላብ ያጠምቃት ጀመር። ከሳች። አክታዋ ላይ ደም አየች። ጤና ጣቢያ ሄደች። የሳንባ ነቀርሳ ነው አሏት፤ ቲቢ። መርፌና ክኒን ጀመረች።

እኛ አገር የቅጠል መድኃኒት የሚጠጣ ሰው የሐኪም መድኃኒት አይጨምርበትም። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ይጣላሉ ይባላል። እሷንም «አንዱን ምረጪ» አሏት። ክኒኑ ያቅለሸልሻታል። ሻዩ ያቀልላታል። መረጠች። ክኒኑን ተወች።

ሞተች።

ይህችን አንዲት ቃል ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቻታለሁ።

በዓመቱ እኔ ሳልኩ። ላቡም መጣ። አወቅሁት። የቢቸናው ሐኪም አክታዬን አስመርምሮ ስትሬፕቶማይሲን መርፌና ክኒን አዘዘልኝ።

«እህቴም ይህንኑ ጀምራ ነው የሞተችው» አልኩት።

«ጀምራ ሳይሆን አቋርጣ ነው። ለምን ተወችው?»

ስለ ሻዩ ነገርኩት።

«ጦስኝ ምን አጠፋ? ክኒኑን በሻዩ ዋጠው። ግን ሻዩ ጉሮሮህን ነው የሚያለሰልስ፤ ቲቢውን የሚገድል ክኒኑ ነው። ሲሻልህ ደግሞ ዳንኩ ብለህ እንዳታቆም።»

ቤት ስደርስ እናቴ ጦስኝ አፍልታ ጠበቀችኝ። ክኒኑን ስታይ ብርጭቆውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«አንዱን ምረጥ ልጄ።»

«አልመርጥም።»

«ሆድህ ውስጥ ሲጣሉብህስ?»

«እኔ አስታርቃቸዋለሁ እማ።»

«ቀልድ አንተ! እሷም እንዲህ ስትቀልድ...» አልጨረሰችውም።

ብርጭቆውን ከእጇ ወሰድኩ። ክኒኑን ዋጥኩ። እስኪመሽ ድረስ ዓይኗን ከሆዴ ላይ አላነሳችም።

መርፌው ጆሮዬን ያስጮኸው ነበር። ክኒኑ ያቅለሸልሸኛል። ጎረቤት ብርጭቆዬን ለየብኝ። «ብርድ ነው በል» ብለው መከሩኝ። «ቲቢ ነው» አልኩ። የጥሩወርቅን ብርጭቆ ይዤ ደጃፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ተቀምጬ ጠጣሁ።

ቀስ በቀስ ላቡ ቀረ፤ ምግብ ጣመኝ። ሰውነቴ ሲመለስ እሷ የሞከረቻቸውን ሻዮች አንድ በአንድ እያፈላሁ ማወቅ ጀመርኩ፤ ዝንጅብሉ ክኒኑ ያቅለሸለሸውን ሆዴን ሲያረጋጋልኝ፣ ጦስኙ ጧት ጧት ደረቴን ሲያሞቀኝ፣ ቀረፋው ደግሞ ምንም ሳያድን እንዲሁ በመዓዛው ብቻ የሞጣን መናኸሪያ ጫጫታና የእሷን ሳቅ ይዞልኝ ሲመጣ፣ ያለ ስኳርም ያንን ሁሉ ጣዕም ከየት ታመጣው እንደነበር ገባኝ። ክኒኑን ግን ከአንድ ዓመት በላይ፣ ሐኪሙ በቃህ እስኪለኝ፣ አልተውኩም። ወደ መጨረሻው እናቴ ራሷ በየማለዳው «ዛሬስ ለክኒንህ ምን ላፍላልህ?» ትለኝ ነበር።

ለዚያ ሐኪም ምስጋናዬ አያልቅም፤ ሻዬን ሳይንቅ መድኃኒቱን አስዋጠኝ። እናቴንም አመሰግናለሁ፤ እየፈራች አፍልታልኛለች።

እናንተ አሁን የምትስሉ፣ አክታችሁን አስመርምሩ። መስኮት ክፈቱ። የበሽታውን ስም አትደብቁት። የወደዳችሁትን ሻይ ጠጡ፤ ክኒኑን ግን ስትድኑም አትተዉ፣ ሐኪሙ ራሱ እስኪያስቆማችሁ። አንዱን ምረጡ የሚላችሁ ሰው ቢወዳችሁም እንኳ እንቢ በሉት። ጥሩወርቅን ምረጪ ያሏት ሁሉ ይወዷት ነበር።